የድርጅታችሁ መዝገብ ቤት ደህንነት፦ ከጥበቃ በር እስከ ፋይል መደርደሪያ ዝርዝር መመሪያ

የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ)፣ የታሸገ የጨረታ ፖስታ እና የሠራተኛ የሕክምና ወረቀት በአንድ ቀን የሚያልፉበት ክፍል መዝገብ ቤት ነው። ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ይሁን ባሕር ዳር፣ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ከኮሪደሩ ጫፍ ወይም ከደረጃ ሥር ነው። ገንዘብ ያዡ ካዝና እና የብረት በር አለው። መዝገብ ቤቱ ግን በምሳ ሰዓት እንኳ ክፍቱን ይውላል። ከዚያ ክፍል አንድ ወረቀት ቢጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ከካዝናው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ መመሪያ በጎጃም ከተሞች ላሉ መካከለኛ ድርጅቶች የሚሆን ነው። ፋብሪካ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ የግል ኮሌጅ፣ የንግድ ድርጅት፣ ሁሉም ይጠቀምበታል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ያ ደብዳቤ አሁን ማን እጅ ነው?» ይህ ሲጠየቅ መዝገብ ቤቱ ወዲያው የአንድ ሰው ስም መናገር ከቻለ ደህንነት አለ። «እዚህ አካባቢ ነበር» የሚል መልስ ከመጣ ግን ካሜራ ቢሰቀልም ዋጋ የለውም።

1. መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ተከተሉ

ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት ዛሬ የገባ አንድ ደብዳቤ ምረጡና እስከ ፋይሉ ድረስ ተከተሉት። ማን ተቀበለው? የት አስቀመጠው? ሥራ አስኪያጁ ለሚመለከተው ክፍል ከመራው በኋላ ማን ወሰደው? እያንዳንዱን እጅ ጻፉ። ደብዳቤው ማንም ሳይጠብቀው የሚያድርባቸው ቦታዎች ይወጣሉ። ብዙውን ጊዜ የጥበቃው ወንበር፣ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ እና የመኪናው ዳሽቦርድ ናቸው። ፊርማ የሚያስፈልገው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ከዚያ ወደ እናንተ የሚመጣውን ሁሉ በሦስት ክፈሉት። ማስታወቂያና የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ተራ ነው። መጥሪያ፣ የግብር ውሳኔ፣ ውል፣ ቼክ እና የባንክ ደብዳቤ በፊርማ ብቻ የሚተላለፍ ነው። የደመወዝ፣ የዲሲፕሊን፣ የሕክምና እና የጨረታ ሰነድ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ራሱ የማይከፍተው ነው። ይህን ክፍፍል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ የሌለበት ሕግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ብቻዋን ያስቀራታል።

2. ክፍሉን አስተካክሉ

ባለጉዳይ ወደ ውስጥ አይግባ። መስኮት ወይም ባንኮኒ ይኑር፤ ሰጪና ተቀባይ በዚያ ይገናኙ። የሚቻል ከሆነ ክፍሉ ለዋናው በር ቅርብ ይሁን። ያልታወቀ እሽግ ቢሮዎቹን ሁሉ አቋርጦ መሄድ የለበትም።

ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ይሁን። ትርፍ ቁልፉ በፖስታ ታሽጎ፣ በመታሸጊያው ላይ ተፈርሞ፣ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ፖስታው ተቀዶ ከተገኘ ማን እንደቀደደው ይጠየቃል። ለምስጢር ሰነድ የሚቆለፍ የብረት ካቢኔ ለብቻው ያስፈልጋል።

የእኛን ክረምት አትርሱት። የአዊንና የጮቄን አካባቢ ዝናብ የሚያውቅ ሰው የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ፋይል አይደረድርም። መደርደሪያው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። ምስጥና አይጥ ከሌባ ባልተናነሰ ሰነድ ያጠፋሉ። ከሰኔ በፊት ጣሪያውን አሳዩ።

ካሜራ ካላችሁ ባንኮኒውንና በሩን ይመልከት። የደብዳቤ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ጠረጴዛው ላይ አታነጣጥሩት። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም አብሮ እንዳይጠፋ ባትሪ ይኑረው።

3. አቀባበሉን አንድ በር አድርጉት

ደብዳቤ በአንድ መንገድ ብቻ ይግባ። አንዱ ለጸሐፊዋ፣ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ የሚሰጥ ከሆነ የትኛውም መዝገብ አይሞላም። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚመጣውን ጥበቃው እንዲቀበል ከፈቀዳችሁ ትንሽ ደብተር ስጡት። ቀን፣ ሰዓት፣ ያመጣው ሰው ስም፣ ስልክ እና ፊርማ ይጻፍበት። ጥበቃው ዘንድ የደረሰ ነገር በሚቆለፍ ሣጥን ይደር እንጂ ወንበሩ ላይ አይደር። የሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ደግሞ መዝገብ ቤቱ ነው።

ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ይታይ። ደብዳቤው ለእኛ ነው ወይ? ፖስታው እንደታሸገ ነው ወይ? አባሪው እንደተጻፈው ልክ ነው ወይ? ተቀዶ ከመጣ አምጪው ፊት «ተቀዶ የደረሰ» ብላችሁ ጻፉና እሱም ይፈርም። «አባሪ 12 ገጽ» ብሎ 11 ከሆነ ያንኑ አስፍሩ። ከፈረማችሁ በኋላ የምታነሱት ቅሬታ የሚሰማው የለም።

ከዚያ የገቢ ደብዳቤ ማህተም ይመታል። ቀን ብቻ አይበቃም፤ ሰዓትም ይግባ። ምክንያቱ ከባድ ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ወረቀቱ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ከተኛ ለሒሳብ ሠራተኛው የሚተርፈው ጥቂት ቀን ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያም እንዲሁ። መጥሪያው ደርሶ እናንተ ሳትቀርቡ ከቀራችሁ ጉዳዩ በሌላችሁበት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መጥሪያና የግብር ደብዳቤ እንደገባ ለሚመለከተው ሰው በስልክ ይነገረው፤ የተነገረበት ሰዓትም መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። የውጭ አገር ፈጣን መልእክት አድራሾች ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ቀኑ ከወሩ ቀድሞ ሲጻፍ 12/01/2026 የሚለው በእኛ ጥር 4 ቀን 2018 ነው። 14:00 የሚለውም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መዝገባችሁ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ የውጩን ቀን አጠገቡ በቅንፍ ጻፉ። ክርክር ሲነሳ ይህች ትንሽ ጽሑፍ ታድናለች።

4. መዝገቡ

የተጠረዘ፣ ገጹ በቁጥር የተመዘገበ ደብተር ይሁን። ልቅ ወረቀት አይሆንም። ቢያንስ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የላኪ ስም፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ጉዳዩ፣ የአባሪ ብዛት፣ የተመራለት ክፍል፣ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ ይኑረው። ስህተት ሲፈጠር በአንድ መስመር ይሰረዝና አጠገቡ ይፈረም። ፍሉድ የሚባለውን ማጥፊያ ከክፍሉ አውጡት።

ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ጥሩ ነው፤ ለመፈለግ ያፈጥናል። ነገር ግን መብራትና ኔትወርክ እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ዋናው መዝገብ ወረቀቱ ነው። ኤክሴሉ ከደብተሩ ይቀዳ እንጂ ደብተሩ ከኤክሴል አይቀዳ።

5. ማከፋፈል፣ ይሉኝታም ያለበት ቦታ

ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት የሚወጣው በማስፈረሚያ ደብተር ብቻ ነው። ተላላኪው ሲወስድ ይፈርማል፤ የሚቀበለው ክፍልም ይፈርማል። የተቀባዩ ስም በግልጽ ይጻፍ፤ የማይነበብ ፊርማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምስጢር የሆነው በሁለት ፖስታ ይሂድ። ውጪኛው ላይ አድራሻ ብቻ፣ ውስጠኛው ላይ «ምስጢር» እና የተቀባዩ ስም ይጻፋል። መዝገብ ቤቱ የሚመዘግበው ፖስታውን ነው፤ ይዘቱን አያይም። ለሠራተኛ በግል ስሙ የመጣ ደብዳቤም አይከፈትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው የፖስታ ደብዳቤ እንዳይደፈር ያስከብራል፤ ድርጅት መሆናችሁ ከዚህ አያወጣችሁም። የጨረታ ፖስታ ላይ የገባበትን ሰዓት ጽፋችሁ፣ ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን አስገቡት። ሁለቱ ቁልፎች በሁለት ሰዎች እጅ ይሁኑ።

አሁን ከቁልፍና ከደብተር የሚከብደው ጉዳይ። እኛ አገር የመዝገብ ቤት ትልቁ ቀዳዳ ይሉኝታ ነው። የመምሪያ ኃላፊው መጥቶ «እህቴ፣ ያን ደብዳቤ አንዴ ልየው» ይላል። የሥራ አስኪያጁ ሾፌር «ጋሼ ልከውኝ ነው» ብሎ እጁን ይዘረጋል። ጡረታ የወጣ የድሮ ባልደረባ ሰላም ሊል ገብቶ መደርደሪያው አጠገብ ይቀመጣል። ማንም ክፉ አላሰበም ይሆናል። ሠራተኛዋ ግን ታላቋን እምቢ ማለት ያሳፍራታል። ደብዳቤው ያለ ፊርማ ይወጣል፤ ሲጠፋም ተጠያቂዋ እሷ ትሆናለች። ይህ ግፍ ነው።

መፍትሔው ሠራተኛዋን «ጠንካራ ሁኚ» ማለት አይደለም። ሕጉን ከእሷ ትከሻ ማውረድ ነው። በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ባንኮኒው ላይ «ማንኛውም ሰው ሳይፈርም ሰነድ አይወስድም፤ ሥራ አስኪያጁም ጭምር» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወርዶ ሰው እያየው ይፈርም። እሱ አንድ ቀን ከፈረመ ሌላው የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም። ለሠራተኛዋም የምትለውን ቃል ስጧት፦ «ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝና ይውሰዱት።» አክብሮት አለበት፤ ደብተሩም ይሞላል።

ሌላው ቴሌግራም ነው። «ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» የሚለው ልመና በየቀኑ አለ። ፎቶው አንድ ጊዜ ከወጣ መመለሻ የለውም። የደመወዝ ዝርዝር በአንድ ከሰዓት በኋላ ከተማውን ሊዞር ይችላል። በግል ስልክ የገቢ ደብዳቤ ፎቶ ማንሣት ይከልከል። አስቸኳይ ሲሆን በድርጅቱ ስልክ፣ ኃላፊው ሲፈቅድ፣ የተላከለት ሰው ስም ተመዝግቦ ይላክ።

6. አጠራጣሪ እሽግ

ይህን ክፍል «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ አትዝለሉት። በ1994 ዓ.ም. መስከረም አሜሪካ ውስጥ የአንትራክስ ዱቄት ያለባቸው ደብዳቤዎች ተልከው 5 ሰዎች ሞቱ፤ 17 ታመሙ። ከሞቱት ሁለቱ ዋሽንግተን ውስጥ ፖስታ የሚለዩ ሠራተኞች ነበሩ። ደብዳቤዎቹ እነሱ ዘንድ ሲያልፉ እንደታሸጉ ነበሩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደህንነት ሲባል የሰው ሕይወትም አለበት።

ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የሚያነሷቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው። የላኪ አድራሻ የለውም። ከመጠን በላይ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሽቦ ይወጣል፤ ያልተለመደ ሽታ፣ ቅባት ወይም ዱቄት ይታይበታል። የተቀባዩ ስም ወይም ማዕረግ ተሳስቷል። «ከእገሌ በቀር ማንም እንዳይከፍት» ይላል።

ችግሩ እኛ ጋ ቅባትና ዱቄት ያለበት እሽግ ብዙ ጊዜ ከዘመድ የተላከ ቅቤ፣ በርበሬ ወይም ሽሮ መሆኑ ነው። ጥበቃውም ሆነ ሠራተኛዋ ዓይናቸው ለምዶታል። ስለዚህ የግል የምግብ እሽግ በድርጅቱ መዝገብ ቤት እንዳይገባ ከልክሉ። ባለቤቱ በር ላይ ወጥቶ ይቀበል። ይህ ከሆነ በኋላ ባንኮኒው ላይ የታየ ዱቄት ሁሉ ያልተለመደ ነገር ይሆናል፤ ሰውም ይጠነቀቃል። ሁለት ጥያቄዎችም ይጠየቁ፦ እንጠብቀው ነበር? ላኪውን እናውቀዋለን? ሁለቱም «አይ» ከሆኑ አይከፈትም። ላኪው ከታወቀ መጀመሪያ ይደወልለት።

ዱቄት ከፈሰሰ አትንኩት፣ አታሽትቱት፣ አትጥረጉት። እሽጉን ባለበት ተዉትና ባገኛችሁት ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ በቀስታ ሸፍኑት። ማራገቢያ ካለ አጥፉ። ወጥታችሁ በሩን ዝጉ። እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ስም መዝግቡ፤ ለፖሊስና ለጤና ባለሙያ ይጠቅማል፤ እነሱም ባለሙያ እስኪያያቸው ወደ ቤት አይበተኑ።

ፈንጂ የመሰለ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ውኃ ውስጥ አይነከርም። ጥበቃው «ላውጣው» ብሎ አያንሣው፤ ደግነቱ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ሕንፃውን ልቀቁ፤ ከራቃችሁ በኋላ ለፖሊስ ደውሉ። እሽጉ አጠገብ ሆናችሁ በሞባይል አትደውሉ። የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሆስፒታሉና የእሳት አደጋ ስልክ በትልቅ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ስልኮቹ የሚሠሩ መሆናቸውን በየጊዜው ደውላችሁ አረጋግጡ።

7. ፎርጅድ ደብዳቤ

ከእሽጉ ይልቅ ይህ በየቀኑ ሊያጋጥም የሚችል ነው። አርማው ያማረ፣ ማህተሙ የተመታ፣ ፊርማውም ያለበት ደብዳቤ መጥቶ «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችንን ቀይረናል» ይላል። ወይም አንድ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ዕቃ ሊረከብ ይመጣል።

አንድ ልማድ ብቻ ያዙ። ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም የሰው ቅጥር የሚነካ ደብዳቤ ሁሉ በስልክ ይጣራ። የምትደውሉት ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር አይደለም። አጭበርባሪ የራሱን ስልክ ነው የሚጽፈው። ከዚህ በፊት በምታውቁት ቁጥር ደውሉና «በዚህ ቁጥርና ቀን የወጣ ደብዳቤ አላችሁ?» በሉ። የላኪው መዝገብ ቤት የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን አይቶ ይነግራችኋል። ያጣራው ሰው ስሙን፣ ያነጋገረውን ሰው ስም እና ሰዓቱን ደብዳቤው ጀርባ ላይ ይጻፍ።

8. ወጪ ደብዳቤና የአውቶቡሱ ጉዳይ

እኛ አገር ፖስታ የሚመጣው በአብዛኛው ወደ ሣጥን ነው። ስለዚህ የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ ራሱ የደህንነት ጉዳይ ነው። ማን እንደያዘው ይታወቅ፤ ሣጥኑም በተወሰኑ ቀኖች ይታይ። አስፈላጊ ሰነድ በፖስታ ቤት ስትልኩ በአደራ አስመዝግቡት ወይም በኢ.ኤም.ኤስ (በፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት) ላኩት፤ ደረሰኙን ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አያይዙት።

እውነቱን እንናገር፤ ብዙ ሰነድ ግን በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ለደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። መናኸሪያ ሄዶ ለረዳቱ መስጠት ፈጣንና ርካሽ ነው። ይህን በአዋጅ ማስቀረት አይቻልም፤ ሥርዓት ማስያዝ ግን ይቻላል። ዋና ቅጂ፣ ቼክ፣ ሲፒኦ እና የጨረታ ሰነድ በዚህ መንገድ አይላኩ፤ ለእነሱ ሰው ላኩ። ሌላው በፕላስቲክ ይጠቅለል፣ በፖስታ ይታሸግ፣ በመታሸጊያው ላይ ይፈረም። የተሽከርካሪው ታርጋ፣ የሾፌሩ ስልክ እና የመነሻ ሰዓት ይመዝገብ። ተቀባዩ መታወቂያ አሳይቶ ይረከብ፤ ማሸጊያው እንዳልተነካ በስልክ ያረጋግጥ። መንገድ ተዘግቶ አውቶቡሱ ቢያድር የት እንዳደረ የምታውቁት በዚህ ነው።

9. ማህተምና አርማ ያለበት ወረቀት

ማህተሙ መዝገብ ቤት ከሆነ ማታ ካዝና ይግባ። ቀን ላይም ሠራተኛዋ ስትነሣ አብሮ ይቆለፍ። ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም በምንም ምክንያት አይመታም፤ «ፊርማው በኋላ ይመጣል» የሚል ልመናም አይሰማ። አርማ ያለበት ወረቀት በቁጥር ይሰጥ። ማህተም ከጠፋ በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱ፣ ለባንኮቻችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከዚያ በማስታወቂያ አስነግሩ።

10. ሰዎቹ

መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ዓመት ፈቃዱን ይውሰድ። ሌላ ሰው ተክቶ ሲሠራ የተደበቀ ነገር ይወጣል፤ እሱም ያርፋል። ሲሄድ በዝርዝር ርክክብ ይደረግ፦ ቁልፍ፣ ማህተም፣ መዝገብ፣ ያልተከፋፈለ ደብዳቤ። ሥራ የለቀቀ ሰው ቁልፍ ይዞ ከሄደ ቁልፉ ይቀየር፤ ርካሽ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን የምታጸዳው ሰው ባለበት ይሁን፤ ይህ እሷንም ከሐሜት ይጠብቃታል።

የሚወገድ ወረቀት በኪሎ ለሱቅ አይሸጥ። ገበያ ላይ ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልጣችሁ አንብባችሁ ታውቁ ይሆናል፤ የሰው ስም፣ ደመወዝ፣ የሒሳብ ቁጥር ይኖርበታል። በሕግ መቆየት ያለበትን ለዩና ቀሪው ሁለት ሰዎች ባሉበት፣ በቃለ ጉባኤ፣ ይቆራረጥ ወይም ይቃጠል።

11. ሞክሩት

ሁሉም ከተዘረጋ በኋላ በየወሩ አንድ የሙከራ ደብዳቤ ላኩ። ለማንም ሳትናገሩ ከውጭ ሰው በኩል ይግባ። በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ሄዳችሁ «የት ነው?» በሉ። ደብተሩ ከመለሰ ጥሩ ነው። ካልመለሰ የጠፋበትን እጅ ፈልጉ፤ ከጥበቃው ጀምሩ። ለመቅጣት ሳይሆን ፊርማ የጎደለበትን ቦታ ለማግኘት ነው። አንድ ወር ላይ አንድ «አጠራጣሪ» እሽግም ጨምሩ፤ ውስጡ ባዶ ካርቶን ይሁን። ይህን ግን ሥራ አስኪያጁና የጥበቃ ኃላፊው አስቀድመው ይወቁ፤ ፖሊስ እንዳይደወል አንዳቸው ቦታው ላይ ይገኙ። የተገኘውን ክፍተት በዚያው ሳምንት ድፈኑ፤ መመሪያው ላይም በአዲስ ቀንና ፊርማ አስገቡት።